ፍሬን የሚይዝ ተሳፋሪ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀኑን ሙሉ የአንድ ሆቴል መጋረጃ ጠርዝ ስቀመቅም ዋልኩ። ግራጫ። የሆቴሉ ባለቤት እንግዶቹ ቶሎ እንዲሄዱለት የሚፈልግ ይመስላል። አሠሪዬ ስፌቱን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችና «እጅሽ ይባረክ» አለች። ምርቃት ገንዘብ አያስወጣትም፣ እሱን አትሰስትም።

ቤት ስገባ ሾፌሩ ጠዋት እንደተውኩት ነው። በጀርባው ተኝቶ ጣሪያ ያያል።

ሾፌሩ ባሌ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራው እኔም ለምዶብኛል። ዕድሜውን ሙሉ ባለ ተሳቢ መኪና ነዳ። በጭጋግ፣ በጭቃ፣ በገደል አፋፍ። ምንም አልሆነም። ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ካልሲ ሲያደርግ ግራ ጎኑ ከዳው። ካልሲ ሲያደርግ... ያን ሁሉ ገደል አሳልፎ።

ታላቅ እህቱ ወዲያው ደረሱ። እትዬ ነው የምላቸው። «መንገድ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ተመስገን በይ» አሉኝ። እትዬ ለማንኛውም ነገር የባሰውን ያውቃሉ።

ተመስገን አላልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈጣሪን አኩርፌያለሁ። ጎረቤት ሳኮርፍ ሰላምታ እነሳለሁ። ባሌን ሳኮርፍ ምግቡን አስቀምጬ ፊቴን አዞራለሁ። ፈጣሪን ያኮረፈ ሰው ምን እንደሚያደርግ ግን የነገረኝ የለም። ስለዚህ ዝም ብያለሁ። እሱም ዝም ብሏል። ማን ቀድሞ እንደሚናገር እናያለን። ችግሩ፣ እሱ የማይቸኩል መሆኑ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ከጤና ጣቢያው ነርሷ መጣች። አጭር ናት፣ ቦርሳዋ ከሷ ይበልጣል። ሾፌሩን ወደ ጎን አዙራ ጀርባውን አየች።

ወገቡ ግርጌ ቀልቶ የነበረው ቦታ ተከፍቷል።

«ጋሼን ማነው የሚያገላብጣቸው?»

«እኔ።»

«ቀን ቀንስ?»

«ቀን ቀን መጋረጃ እሰፋለሁ።»

«ታዲያ ቀን ማን አለ?»

ፈጣሪ አለ ልላት ነበር። ተኳርፈናል፣ በሱ ስም ዋስ አልሆንም ብዬ ተውኩት።

ወደ ጓዳ ጠርታ በቀስታ ነገረችኝ። ቁስሉ ከመተኛት የመጣ ነው። ቦታው ካላረፈ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አጥንት ከደረሰ ደሙን ይመርዘዋል፣ ከዚያ... ከዚያ ያለውን አልጨረሰችም። ስለዚህ መገላበጥ አለበት፣ በየቀኑም ተነስቶ ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት።

ማንሳቱን አሳየችኝ። «እናቴ፣ እጃቸው ትከሻሽ ላይ ይሁን። አንቺ ወገባቸውን እቀፊ። ከዚያ እሳቸው ወደ ፊት ይደገፉብሽ። ክብደታቸውን ከሰጡሽ ይነሳሉ። ከተገተሩ ግን አለት ነው የምታነሺው።»

አቀፈችው። ገና ከፍራሹ ከፍ ከማለቱ ደህናው ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ተገተረ። ሁለቱም ወደ አልጋው ተመለሱ። እንደገና። እንደገና እግሩ ወለሉ ላይ።

ፍሬን እየያዘ ነው። እኔ ወዲያው ገባኝ። ወንድሙ ሲነዳ ከጎን ተቀምጦ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ የመኪናውን ምንጣፍ የበሳ ሰው ነው። በሰው መኪና ተኝቶ አያውቅም። በሰው መኪና አውርቶ እንኳ አያውቅም። መንገድ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልወድቅ ነዋ።»

«ይዤዎት የለም እንዴ?»

«አንቺንስ ማን ይዞሻል?»

ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ጥያቄው ጥሩ ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ጣልኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ወንበሩ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው። እንደተነገረኝ አቀፍኩት። ተነሳ። አዎ፣ ተነሳ። ትንሽ ቆመ፣ እስትንፋሱ ጆሮዬ ላይ። ዞር ልል ስል ፍሬኑን ያዘ። የኔ እግር ወደ ወንበሩ፣ የሱ እግር ወደ አልጋው። በመሃል ወለሉ ተቀበለን።

ጎረቤቶች መጥተው አነሱልኝ። አንዷ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» አለች። የወደቀው የሷ ባል ቢሆን በጎነቱ እንዴት እንደሚታያት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ቁስሉ ሰፍቷል። ሾፌሩ አሁን እጄን ሲያይ የአልጋውን ራስጌ ብረት ጨብጦ ይይዛል። «ተይኝ» ይላል። «እንዲሁ ይሻለኛል።» እንዲሁ ማለት በጀርባው፣ ቁስሉ ላይ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

እትዬ መጡ። ተቀመጡ። ቤቱን አዩ፣ አቧራውንም አዩ።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ።

እንደሚያውቅማ አውቃለሁ። የሚያናድደኝ እሱ አይደል? ባያውቅ ኖሮ ሄጄ እነግረው ነበር።

«ትጸልያለሽ?»

«ሥራ በዝቶብኛል፣ እትዬ።»

«ለጸሎት ጊዜ ይጠፋል?»

«እሱም ሥራ የበዛበት መሰለኝ።»

በቀስታ ነው ያልኩት። እትዬ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ጆሯቸው አያረጅም። ከንፈራቸውን መጠጡ። «ሰው በራሱ ጉልበት ስንት ቀን ይሄዳል፣ አንቺ ልጅ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሾርባ አምጥተው እንደነበር ትዝ ብሏቸው ወደ ቦርሳቸው ዞሩ። ሾርባው ጥሩ ነበር። ይህን ለሳቸው አልነግራቸውም።

ከሄዱ በኋላ አሰብኩ። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ልብስ ስፌት ቤት ሳለሁ፣ ለእጅጌና ለአንገት ቅድ ከሚቆረጥ ወረቀት ላይ ነው። ጋዜጣም ይሁን፣ የጸሎት በራሪም ይሁን፣ የቀን መቁጠሪያም ይሁን፣ መቀስ ሳይመርጥ ይሄድበታል። ስለዚህ ብዙ ነገር አውቃለሁ፣ ግማሹን ብቻ። አንድ ጸሎት ነበር፣ የእጅጌ ቅድ ሆኖ የቀረ። የሚያስጨንቀውን ሁሉ ይዘረዝር ይዘረዝርና «ጌታ ሆይ፣ አንተ ግን» ሲል መቀሱ ቀጨው።

አንተ ግን... ምን? 

ይኸው እኔ እሞላዋለሁ። አንተ ግን ሰፈር ተሳስተሃል። አንተ ግን ሌላ ሾፌር ነበር የፈለግከው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ቁስሉ ሽታ አለው። መስኮት ከፈትኩ። ሾፌሩ «ብርድ ነው» አለ። ዘጋሁ። ሁለታችንም ሽታው እንደሌለ ሆነን እራት በላን። በዚህስ ጎበዞች ነን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ነርሷ «ሆስፒታል ይግቡ» አለች። «ቁስሉ በመድኃኒት ብቻ የሚድን አይደለም። ቀዶ የሚያጸዳው ሐኪም ይፈልጋል።»

«እዚህ እኔ አለሁለት» አልኩ።

«እናቴ፣ አንቺማ አለሽ። ቁስሉም አለ።»

አንደበቷ ስለታም ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እወዳት ነበር።

እምቢ አልኩ። ለምን እምቢ እንዳልኩ ራሴን ጠየቅኩት። ሆስፒታል ከገባ ከእጄ ወጣ ማለት ነው። እነሱ ያነሱታል፣ እነሱ ያስተኙታል፣ እነሱ ይወስናሉ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ቦርሳ እይዛለሁ። ከእጄ የወጣውን ነገር ደግሞ አይቻለሁ። ፈጣሪ እጅ ላይ ነው ተብሎ ዝም ብዬ የተኛሁበት ሌሊት ሲነጋ ነው ካልሲው... እንግዲህ ይበቃል። ከእንግዲህ በኔ እጅ።

ለሾፌሩ ነገርኩት። «ሆስፒታል ውሰጂው እያሉ ነው» አልኩት፣ ስለ ሌላ ሰው እንደማወራ።

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እምቢ።»

«ጎበዝ» አለ። እሱም መኪናውን ለሰው ሰጥቶ አያውቅም።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ዘዴ አገኘሁ። ከሥራ ቤት የተረፈ የመጋረጃ ሸራ አለ፣ ወፍራም። ደራርቤ ሰፋሁት፣ አራቱም ማዕዘን ላይ መያዣ አወጣሁለት። ከሥሩ አንሸራትቼ አስገባለሁ፣ መያዣውን ትከሻዬ ላይ አደርጋለሁ፣ ብቻዬን አነሳዋለሁ። ማንም አያስፈልገኝም። ከላይም ከታችም።

ስፌቱ እንከን የለውም። ዝሆን ይይዛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ሸራው ያዘ። ወገቤ ነው ያልያዘው።

ዛሬ በተኛሁበት እጽፋለሁ፣ ፊደሌ ለዚህ ነው የሚንጋደደው። ከትናንት በስቲያ የሆነውን በሥርዓት ልጻፍ።

ጠዋት ነው። ሸራውን ከሥሩ አስገባሁ። መያዣውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩ። ሳብኩ። ሾፌሩ የራስጌውን ብረት ጨብጧል። «ልቀቅ» እላለሁ። «ተይ» ይላል። «ልቀቅ እንጂ!» ሳብኩ። እሱም ሳበ። ግማሽ ሰው ነው ትላላችሁ፣ ያ ግማሽ ግን መሪ ሲያዞር የኖረ ነው። ከዚያ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ እንደ ክር። በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ። መነሳት የለም። መገላበጥ እንኳ የለም። ሲተነፍሱ ያማል።

ተኛን። እሱ አልጋ ላይ፣ እኔ ወለል ላይ፣ ሁለታችንም በጀርባችን። ጣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። ቀለም ያስፈልገዋል።

«ሞትሽ እንዴ?» አለ።

«አልሞትኩም።»

«እሺ።»

ደግነቱ... ደግነቱ ብዬ ጻፍኩ? ይሁን። እትዬ ሾርባ ይዘው መጡ። በሩን ሲገፉ እግሬን መታው። አዩኝ። ሾርባውን አስቀመጡ። ተንበረከኩ፣ በብብቴ ሥር እጃቸውን አስገቡ። እትዬ ግዙፍ ናቸው። እቅፋቸው ውስጥ ሰው እንደ ትራስ ይገባል።

«በይ፣ ላነሣሽ ነው። ራስሽን ልቀቂልኝ።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ እያልኩ እጄ የበሩን መቃን ጨብጦ ይዟል። እሳቸው ወደ ላይ ያነሳሉ፣ እኔ መቃኑን እይዛለሁ።

«ልቀቂ እንጂ።»

«ለቅቄያለሁ።»

«አለቀቅሽም። ይኸው እጅሽ።»

አየሁት። እውነትም እጄ ነው። ጣቶቼ ነጥተዋል። ልቀቅ አልኩት፣ አልለቀቀም።

ያኔ ከአልጋው በኩል ድምፅ ተሰማ። ማቃሰት መሰለኝ። ሳቅ ነው። ከካልሲው ቀን ወዲህ ሾፌሩ ስቆ አያውቅም።

«እትዬ» አለ እየሳቀ፣ «ፍሬን ይዛለች።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

እትዬ ቤቱን ወርሰዋል። ድስቶቼን ሁሉ ቦታ ቀይረዋል። ፍራሽ አልጋው ሥር አንጥፈው አስተኝተውኛል። አብሯቸው ከሚመጣ አንድ ጎረቤት ጋር ሆነው ሾፌሩን ያገላብጣሉ። እኔ እያየሁ። እኔ ሳልነካው። ይገለበጣል... ዓለም አልተገለበጠችም።

ስለ መቃኑ ሳስብ ዋልኩ። እትዬን ስለማላምናቸው ነበር? አይደለም። እትዬ ምላሳቸው እንጂ ክንዳቸው አይከዳም። እኔም አውቃለሁ። ግን ወለሉን ለምጄው ነበር። ወለሉ ያማል፣ ይቀዘቅዛል፣ ግን ከዚያ በታች መውደቂያ የለም። ከእትዬ ክንድ ግን መውደቂያ አለ።

ስንት ወር ሙሉ ኩርፊያ የምለው ነገር ይኸው ሊሆን ይችላል? ጣት ነጥቶ መቃን መያዝ? ፈጣሪ ሲያነሳኝ «ለቅቄያለሁ» እያልኩ?

አይ። ገና አልታረቅኩም። አሰብኩ እንጂ።

ሾፌሩ ከላይ ሆኖ ተናገረኝ። «አንቺ።»

«አቤት።»

«እላይሽ ላይ ወድቄ እንዳልጎዳሽ ነው እግሬን የምተክለው።»

«እኔ ትዕቢት መስሎኝ።»

«እሱም አለበት።»

ቆይቶ ደግሞ «ሽታው ይሸተኛል እኮ» አለ። 

«ይሸትሃል?»

«አፍንጫዬ ደህና ነው። አንቺ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

እኔም እሱ እንዳይከፋው። ሁለታችን ተጠባብቀን ልንሞት ነበር።

«ሆስፒታሉ ይሁን» አለ።

«ከዚያስ?»

«እኔ ምን አውቄ። እኔ አይደለሁ የምነዳው።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ቀድሜ ተናገርኩ። ተሸነፍኩ ማለት ነው። ይሁን።

ረጅም ጸሎት አይደለም። ረጅሙን እትዬ ይዘውታል። እኔ ያልኩት «አሁንም ተናድጃለሁ። ግን ከብዶኛል። ያዘው» ነው። ለአፍታ አሰብኩና «እኔንም» አልኩ። ስለ እግሩ አልጠየቅኩም። እግሩን ከጠየቅኩ እጄ ወዲያው ወደ መቃኑ እንደሚሄድ አውቃለሁ። እግሩን ከሰጠኸኝ አምንሃለሁ... ይሄ ማመን ሳይሆን ገበያ ነው።

መልስ አልመጣም። ብርሃን የለም፣ ድምፅ የለም። እትዬ ጓዳ ውስጥ ክዳን ሲጥሉ ብቻ ተሰማኝ። ትከሻዬ ግን ወርዶ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ እንደኖረ አላወቅኩም።

ነርሷን አስጠራኋት። «እሺ ብለናል» አልኳት። ይህን ቀድመሽ ብትዪ ኖሮ ብላ ሳትቆጣኝ ሄደች። ይህም አንድ ተአምር ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አምቡላንሱ ጠዋት መጣ። ወገቤ በመጠኑ ይታጠፋል። ወደ ቃሬዛው ሊያዛውሩት ሲሉ ሾፌሩ «እሷ ትያዘኝ» አለ። ነርሷ አየችኝ። «አታነሺም። እቀፊያቸው ብቻ። እኛ እናነሳለን።»

አቀፍኩት። እግሩን አየሁት። ወለሉን ነካ... ተንቀጠቀጠ... አልተከለውም። ክብደቱ ሁሉ ደረቴ ላይ መጣ። ከባድ ነው፣ በጣም ከባድ ነው፣ ግን እንደ ሰው ነው የከበደኝ፣ እንደ አለት አይደለም። አዛወሩት።

እንዲህ ስጽፈው የተለወጠ ሰው ይመስላል። ሆስፒታል እስክንደርስ የአምቡላንሱን ነጂ «ማርሽ ቀይር እንጂ» እያለ አሳበደው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ የደከመ። ቁስሉን ሲያይ ፊቱን አልለወጠም፣ ለዚህ አመሰገንኩት። «ብዙ ቆይቷል» አለ። «አጥንት ደርሶ ከሆነ ስንከፍት ነው የምናውቀው። ማደንዘዣውም ለልባቸው ከባድ ሊሆን ይችላል። ይነሣሉ ብዬ ቃል አልገባልሽም።»

ቃል የሚገባልኝ ፈልጌ እንዳልሆነ ልነግረው አስቤ ተውኩት። ረጅም ታሪክ ነው።

ነገ ያስገቡታል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ነው ጊዜ ያገኘሁት። ሾፌሩ ተኝቷል፣ በጎኑ፣ እኔ ሳላስተኛው።

ቁስሉ አጥንቱ ድረስ አልሄደም። ጫፉ ላይ ደርሶ ቆሟል። ብዙ ሥጋ ቆርጠው አወጡ፣ ጉድጓዱ ለመሙላት ወራት ይፈልጋል። ግራ እግሩ ግን... ሐኪሙ ሌላ ሐኪም ጠርቶ አሳየው፣ ሁለቱም «አትጠብቁ» አሉ። ሾፌሩ ሰምቶ ግድግዳውን አየ። ቆይቶ «ቀኙ አለኝ» አለ። ከዚያ አለቀሰ። አብሬው አለቀስኩ። ለፈጣሪም ነገርኩት፣ እንዳዘንኩ፣ እንዳልገባኝ። ሌላም ጥያቄ አለኝ፣ ብዙ፣ ተሰልፏል። ግን አሁን እያኮረፍኩ ሳይሆን እየጠየቅኩ ነው። ልዩነቱን ለሌላ ሰው ማስረዳት አልችልም።

ስለዚያ ቀን ልጻፍ። በባለ ሁለት ተከፋች በር አስገቡት። በሩ ተወዛውዞ ተዘጋ። እኔና እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ወንበሩ ብረት ነው፣ መብራቱ ያፏጫል፣ ሰው ይመላለሳል። እትዬ መቀመጥ አልቻሉም። ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ መጡ፣ ያገኙትን ነርስ ሁሉ ያዙ፣ በበሩ ስንጥቅ አጮለቁ፣ ተገፉ፣ እንደገና አጮለቁ። እነዚያ «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚሉት እትዬ። አልፈረድኩባቸውም። ወንድማቸው ነው። እኔም እንዲሁ የምሆን መስሎኝ ነበር።

እኔ ግን ነጠላዬን ጠቅልዬ ትራስ አደረግኩ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ማንጎላጀት አይደለም፣ አፍ ተከፍቶ የሚተኛ እንቅልፍ። ከካልሲው ቀን ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

እትዬ ናቸው የቀሰቀሱኝ። ሐኪሙ ወጥቷል ሊሉኝ። ከዚያ በፊት ግን ሊቆጡኝ።

«ባልሽ ቢላዋ ሥር ሆኖ እንቅልፍ ይወስድሻል? አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

አፌን ጠረግኩ።

«ፈጣሪ ነቅቷል ብዬ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ሁለት ሆነን ለምን እንነቃለን?»